ልጆችን ይዞ ማርሊን ማጥመድ፦ ከኦሽን ሲቲ የቻርተር ጀልባ ለምትከራዩ

ሰመር በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚደጋገም ጥያቄ አለ። «ልጆቹን ይዘን ማርሊን ልናጠምድ አስበናል፤ እንዴት ነው የሚደረገው? ምን እንያዝ?» ለእያንዳንዱ ሰው ከምደግመው አንዴ በደንብ ልጻፈው።

የምጽፈው ስለ ኦሽን ሲቲ፣ ሜሪላንድ ነው። ከዲሲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ለምንነሳ ሰዎች በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከተማዋ ራሷን «የዓለም የነጭ ማርሊን መዲና» ትላለች። ነጭ ማርሊን አፉ እንደ ጦር የሾለ፣ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 80 ፓውንድ የሚመዝን ዓሣ ነው። አልፎ አልፎ በመቶዎች ፓውንድ የሚመዝነው ሰማያዊ ማርሊንም ይመጣል።

ማርሊን ግን ዳር ላይ አይገኝም። የሚገኘው የባሕሩ ወለል ድንገት ገደል በሚሆንበት ቦታ ነው። ባልቲሞር ካንየን፣ ፑር ማንስ ካንየን፣ ዋሽንግተን ካንየን የሚባሉት ሸለቆዎች ከወደቡ ከ50 እስከ 70 ማይል ይርቃሉ። መሄጃው ብቻ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ መመለሻውም ያው ነው። ከታች የምላችሁ ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ርቀት ነው። አንዴ ከወጣችሁ ቶሎ መመለስ የለም። ቀኑ የሚያምረውም የሚበላሸውም ገና መሬት ላይ ሳላችሁ ነው። ለዚህ ነው ከመሳፈር በፊት ያሉት ደረጃዎች ላይ ረዘም ብዬ የምቆየው።

1. ቀኑን ምረጡ

ነጭ ማርሊን በብዛት የሚገኘው በኦገስትና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። ገልፍ ስትሪም ከሚባለው ሞቃት የባሕር ጅረት እየተገነጠለ የሚመጣ ውኃ በዚያን ጊዜ ወደ ካንየኖቹ ይጠጋል፤ ማርሊኑም ተከትሎት ይመጣል።

ሁለት ነገር ግን አስቡ። የኦገስት የመጀመሪያው ሙሉ ሳምንት ትልቁ የማርሊን ውድድር የሚካሄድበት ነው። ጀልባዎች ይያዛሉ፤ ወደቡ ይጨናነቃል፤ ሆቴል ይወደዳል። ሁለተኛው ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21፣ ጾመኛ ላለበት ቤት ይህ ጉዞ አይሆንም። ባዶ ሆድና ሞገድ አይስማሙም።

ይህን በደረሰብኝ ነው የምናገረው። ታላቅ እህቴ በፍልሰታ ሳትበላ ተሳፈረች። ረፋድ ላይ ውኃ እንኳ መያዝ አቃታት። ካፒቴኑ ጀልባውን አዞረ፤ እሷም ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ወለል ላይ ተኝታ ተመለሰች። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ክፍያው ሙሉውን ተከፍሏል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ከኦገስት 22 እስከ ሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት ነው። የሌበር ደይን ቅዳሜና እሁድ ተዉት። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሁን። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው አይቸገርም፤ ከዲሲ ስትመጡ በምትሻገሩት ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅ ላይም ዓርብ ማታ እንዳለው ዓይነት ሰልፍ አይጠብቃችሁም። ወቅቱ የሃሪኬን ወቅትም ስለሆነ ሁለተኛ መጠባበቂያ ቀን አብራችሁ ያዙ።

2. ማን እንደሚሄድ ወስኑ

ቀኑ ከ12 ሰዓት በላይ ነው። ስልክ አይሠራም። ሐኪም የለም። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባትወስዱ እመክራለሁ። ነፍሰ ጡር፣ የወገብ ወይም የልብ ሕመም ያለባት ወይም ያለበት ሰውም ዳር ይቅር። ጀልባ በሩጫ ላይ ወገብን ክፉኛ ይመታል። ትንንሾቹን ከአንድ ወላጅ ጋር ባሕር ዳር ተዉአቸው፤ ወይም በሌላ ቀን በባሕረ ሰላጤው ውስጥ የግማሽ ቀን ጉዞ ያዙላቸው። እዚያ ሞገድ የለም ማለት ይቻላል።

ቁጥሩን በደንብ ቁጠሩ። አብዛኛው የቻርተር ጀልባ የሚፈቀድለት 6 ተሳፋሪ ብቻ ነው። ሕፃንም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። «እሷ ትንሽ ናት፣ እቅፍ ላይ ትሆናለች» ብለው ሰባት ሆነው መጥተው ወደብ ላይ አንድ ሰው ጥለው የሄዱ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

3. ጀልባውን ያዙ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

ዋጋው ለጀልባው በሙሉ ነው እንጂ በሰው አይደለም። ለሙሉ ቀን ወደ ካንየን ብዙ ጊዜ ከ2500 ዶላር በላይ ነው። የማጥመጃ ፈቃድ ግዙ አትባሉም፤ የጀልባው ፈቃድ ተሳፋሪውን ይሸፍናል። ካፒቴኑን ግን እነዚህን ጠይቁት፦

- «ወደ ካንየን ነው የምትወስደን?» «ሙሉ ቀን» ማለት ሁልጊዜ ካንየን ማለት አይደለም። ቅርብ ቦታ ላይ ቱና ብቻ የሚያጠምዱ አሉ።
- «የአየሩ ሁኔታ ቢበላሽ ቀብዱ ምን ይሆናል?» እሱ ሲሰርዝና እናንተ ስትሰርዙ ውሉ የተለያየ ነው። በጽሑፍ ይላክላችሁ።
- «ነዳጅ፣ በረዶና የዓሣ መክተፊያ ዋጋው ውስጥ ናቸው?»
- «የተያዘው ዓሣ የማን ነው?» ጀልባ በጀልባ ይለያያል።
- «በልጆቼ ልክ ላይፍ ጃኬት አለህ?» ኪሏቸውን ንገሩት። ሰፊ ጃኬት ውኃ ውስጥ በጭንቅላት በኩል ይወልቃል።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ንገሩት፤ ልጆች እንዳሉ። ማርሊን ሰዓታት ሊያስጠብቅ ይችላል። ማሂማሂ የሚባለው ዓሣ ግን የሎብስተር ወጥመዶች ተንሳፋፊ ምልክቶች ሥር ይሰበሰባል፤ ቶሎ ቶሎ ይነክሳል፤ ልጅም ራሱ ያወጣዋል። «በመንገዳችን አንድ ሰዓት ለማሂ ስጠን» በሉት። የልጆቹን ቀን የሚያድነው እሱ ሰዓት ነው።

4. የምትይዙት ዕቃ

ዘንጉን፣ ሪሉን (የክር መጠቅለያውን)፣ መንጠቆውን ጀልባው ያቀርባል። የእናንተ ይህ ነው፦

- የማቅለሽለሽ መድኃኒት፣ የዝንጅብል ከረሜላ፣ ጥቂት ጥብቅ ፕላስቲክ ከረጢት
- ሶሉ ነጭ ወይም ወለል የማያጠቁር ስኒከር። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ወለሉ እርጥብ ነው፣ መንጠቆም አለ
- ፖላራይዝድ መነጽር ከነማሰሪያው፤ የውኃውን ነጸብራቅ ስለሚቆርጥ ዓሣው ሥር ሲመጣ ያሳያል
- ኮፍያ፣ እጀ ረጅም ስስ ሸሚዝ፣ የፀሐይ ክሬም
- የዝናብ ጃኬትና ሹራብ፤ ኦገስትም ቢሆን ንጋት ላይ ባሕሩ ይበርዳል
- ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውኃ፤ ግማሹን አቀዝቅዛችሁ በረዶ አድርጉት
- ደረቅ ምግብ፦ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፖም
- ጥሬ ገንዘብ ለጉርሻ
- ትልቅ ኩለር፤ ጀልባው ላይ ሳይሆን መኪና ውስጥ ይቆይ

ወጥና እንጀራ አትያዙ። ቅባትና በርበሬ ሞገድ ላይ ይመለሳል፤ ሽታውም የሌላውን ሰው ሆድ ያውካል። ሙዝም አትያዙ። ብዙ ካፒቴኖች ሙዝ ጀልባ ላይ ገደ ቢስ ነው ብለው ከልባቸው ያምናሉ። ቤታቸው ነውና አክብሩላቸው።

5. ከአንድ ቀን በፊት

እዚያው ኦሽን ሲቲ እደሩ። ከዲሲ በሌሊት ነድቶ የሚመጣ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ነው የሚሳፈረው፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ማቅለሽለሽን ያባብሳል።

የባሕር ትንበያውን አንብቡ። የሞገዱን ቁመት ብቻ አትዩ። በሁለት ሞገድ መካከል ያለውን ሰከንድም እዩ። 3 ጫማ በ9 ሰከንድ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ እንደሚያደርግ መንገድ ነው። ያው 3 ጫማ በ4 ሰከንድ ሲሆን ግን ኮረኮንች ነው። ከ4 ጫማ በላይ ከሆነ ልጆች ይሰቃያሉ፤ ካፒቴኑን ደውላችሁ አማክሩት። እሱ «አንወጣም» ካለ አትለምኑት።

እራት ቀለል ያለ ይሁን። አልኮል ይቅር። መድኃኒቱን ማታ ሲተኙ አንዴ፣ ጠዋት ጀልባው ከመነሳቱ አንድ ሰዓት በፊት አንዴ የሚወስዱ ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ኪኒን ሆድ ውስጥ አይቆይም።

*ማስጠንቀቂያ፦* ለልጅ የአዋቂ ኪኒን ቆርሳችሁ አትስጡ። ፋርማሲስት መጠኑን ይንገራችሁ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ የሚገኝ ነው፤ ለልጅ አይሆንም። ግላኮማ ያለበት ሰውም እንዳይጠቀመው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

6. ንጋት ላይ ወደቡ

ብዙ ጀልባዎች ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሳሉ። ስልካችሁ ላይ ከ4 እስከ 5 ማለት ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናት ወይም አባት ካሉ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ንገሯቸው።

ከመነሳታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ትንሽ ደረቅ ዳቦ ብሉ። ስትሳፈሩ ላይፍ ጃኬቶቹና የሬዲዮው ቦታ የት እንደሆነ እዩ። መጸዳጃ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራም ጠይቁ፤ የማይገባ ነገር ተጥሎበት ከተደፈነ ቀኑን ሙሉ ስድስት ሰው ይቸገራል።

እዚያው ላይ ተራ አውጡ። ዓሣ ሲነክስ ዘንጉን መጀመሪያ ማን ይይዛል? ቀጥሎስ? ይህን መሬት ላይ ያልተስማማ ቤተሰብ ዓሣው ክር እየጎተተ ሳለ ይጨቃጨቃል። ዓሣው ደግሞ አይጠብቅም። በዕድሜ ከታናሽ ወደ ታላቅ ብታደርጉት ማንም አይከፋውም።

7. መንገድ ላይና ስትጠብቁ

ከጀልባው መሃል ወደ ኋላ ባለው ዝቅ ያለ ቦታ ተቀመጡ፤ እዚያ ንቅናቄው ትንሽ ነው። ዓይናችሁ አድማሱ ላይ ይሁን። ልጆች ስልክና ታብሌት ላይ እንዳያቀረቅሩ። ዓይን «ቆመናል» እያለ ጆሮ «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል ነው ሆድ የሚታወከው። ያቅለሸለሸው ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ ልተኛ ይላል፤ አየር ያለበት ቦታ አስቀምጡት እንጂ።

ካንየኑ ላይ ሲደረስ ጀልባው ፍጥነቱን ይቀንሳል። የካፒቴኑ ረዳት ባሊሁ የሚባሉ ቀጫጭን ትንንሽ ዓሣዎች መንጠቆ ላይ ሰክቶ ከኋላ ያሰልፋቸዋል። ከዚያ እየጎተቱ መሄድ ነው። ሰዓታት ሊሆን ይችላል። ለልጆቹ ሥራ ስጧቸው፤ በየተራ ከኋላ ያለውን ውኃ ይመልከቱ። የጠቆረ ክንፍ ወይም ከትንሹ ዓሣ ጀርባ ጥላ ካዩ «አየሁ» ብለው ይጩኹ። ብዙ ጊዜ ከአዋቂ ቀድመው ያያሉ።

8. ማርሊኑ ሲመጣ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ለልጆቹም አስቀድማችሁ አስረዷቸው።

ሀ. ማርሊን ብዙ ጊዜ ወዲያው አይውጥም። መጀመሪያ በሹል አፉ ትንሹን ዓሣ ይመታል፤ ከዚያ ዞሮ ይበላዋል። ስለዚህ ረዳቱ ዘንጉን አንስቶ ክሩን ለጥቂት ሰከንድ ያለ ፍሬን ይለቅለታል። ዝም በሉት። ከውጭ ሲታይ ዓሣውን እያስመለጠው ይመስላል፤ እያበላው ነው።

ለ. ቀጥሎ የሪሉን ፍሬን ቀስ አድርጎ ያጠብቃል። *በዚህ ጊዜ ዘንጉን ወደ ላይ አትንጠቁ።* መንጠቆው ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ ዓይነት ነው። ክሩ ቀስ ብሎ ሲወጠር ተንሸራቶ የዓሣው አፍ ጥግ ላይ ይይዛል። ከነጠቃችሁት ግን ምንም ሳይዝ ይወጣል። ጣና ወይም ዝዋይ በእጅ ክር ያጠመደ ሰው እጁ መንጠቅ ለምዷል፤ ይህን ልማድ ለአንድ ቀን ይርሳው።

ሐ. ባለ ተራው ዘንጉን ይቀበላል። የዘንጉ እግር ወገብ ላይ ባለው ቀበቶ ወይም ወንበሩ ላይ ባለው ማስገቢያ ይገባል። ልጅ ከሆነ ወንበር ላይ ተቀምጦ አባት ወይም እናት ከኋላ ይደግፉት።

መ. ዓሣው ሲሮጥ ተዉት። ክር እየወጣ ሳለ እጀታውን ማዞር ድካም ብቻ ነው። ሩጫው ሲቆም ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ፤ ከዚያ ዝቅ እያደረጋችሁ ጠቅልሉ። አንሱ፣ ዝቅ አድርጉ፣ ጠቅልሉ። ጉልበቱ ከዘንጉ ነው የሚመጣው እንጂ ከእጀታው አይደለም።

ሠ. ክሩ እንዳይላላ። ዓሣው ወደ ጀልባው ዞሮ ከመጣ በፍጥነት ጠቅልሉ። ከውኃ ሲዘል ሁሉም ሰው ደንግጦ እጁን ያቆማል፤ መንጠቆው ብዙ ጊዜ የሚወልቀው በዚያች ቅጽበት ነው።

ረ. እየጠቀለላችሁ ክሩን በግራ አውራ ጣት ግራና ቀኝ አከፋፍሉት። አንድ ቦታ ከተከመረ ይጣበቅና በሚቀጥለው ሩጫ ይበጠሳል።

ሰ. ፍሬኑን ራሳችሁ አትንኩ። «ትንሽ ላጥብቀው» ያለ ሰው ነው ክር የሚበጥሰው። ረዳቱ ይነግራችኋል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ክሩን በእጃችሁ አትያዙ፤ ጣት ላይም አትጠቅልሉ። የሚሮጥ ዓሣ ጣት ይቆርጣል። ካፒቴኑ ዓሣውን ለመከተል ጀልባውን ወደ ኋላ ሲነዳ ውኃ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ባለ ተራ ያልሆነ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ይግባ።

9. ዓሣው ጀልባው ጎን ሲደርስ

የመጨረሻውን ወፍራም ክር የሚይዘው ጓንት ያደረገው ረዳት ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይበል። ማርሊን እዚህም ላይ ሊዘል ይችላል፤ አፉ ደግሞ ጦር ነው።

ከዚያ ይለቀቃል። ብዙ ዘመዶቼ እዚህ ላይ ቅር ይላቸዋል፤ «ለፍተን ይዘነው?» ይላሉ። ነጭ ማርሊን አገግሞ እንዲራባ በዓመት ለመላው አገር አጥማጆች የተፈቀደው ቁጥር በጣም ትንሽ ነው፤ ቻርተር ጀልባዎችም በልማድ ይለቁታል። የሚለቀቅ ማርሊንን ለፎቶ ብሎ ከውኃ ማውጣት በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ከውኃ ሲወጣ የገዛ ክብደቱ የውስጥ አካሉን ይጎዳዋል፤ ትንፋሹም ይቆማል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ፎቶው ዓሣው ውኃ ውስጥ እንዳለ ነው የሚነሳው። የደከመ ከሆነ ረዳቱ ሹል አፉን ይዞ፣ ጀልባው ቀስ እያለ፣ ውኃ በስንጥቡ እንዲያልፍ ያደርጋል። ቀለሙ ተመልሶ ጭራውን ሲመታ ይለቀዋል። ያንን ልጆቹ ቀርበው ባይሆንም ይዩት። የእኔ ልጅ እስካሁን የሚያወራው ስለዚያ ነው።

10. ስትመለሱ

ለረዳቱ ከዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው። በጥሬ ገንዘብ፣ በእጁ ስጡት። ዓሣ ባይያዝም ቀኑን ሙሉ የለፋው እሱ ነው። ይህን ገንዘብ ከመጀመሪያው በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ማሂና ቱና ከያዛችሁ ዓሣው ከመርከቡ በረዶ ወጥቶ በቀጥታ እናንተ በረዶ ውስጥ ይግባ። እነዚህ ዓሣዎች ከሞቁ ሂስታሚን ይፈጠርባቸዋል። ሂስታሚን በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም፤ ፊት ያቀላል፣ ራስ ምታትና ተቅማጥ ያመጣል። ሦስት ሰዓት መንገድ ስላለባችሁ ኩለሩን ግማሽ በረዶ ሙሉት። የቀለጠውን ውኃ እያፈሰሳችሁ በረዶ ጨምሩ።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት ወይም ትንሽ ልጅ ቤት ካለ ማርሊንና ቢግ አይ ቱና አታብሉ፤ ሜርኩሪ ይበዛባቸዋል። ማሂና የሎ ፊን ቱና የተሻሉ ናቸው። የያዛችሁት ቱና ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ረዳቱን ጠይቁ፤ ለዓይን ይመሳሰላሉ።

ማሂ ለጉላሽ ይሆናል፤ ሥጋው ጠንካራ ስለሆነ ድስት ውስጥ አይፈርስም። ቱናው ግን ብዙ እሳት አይወድም፤ ከደረቀ እንደ እንጨት ነው። የተረፈውን በአንድ ጊዜ በሚበላ መጠን ከፋፍላችሁ፣ አየሩን ከከረጢቱ አውጥታችሁ፣ የተያዘበትን ቀን ጽፋችሁበት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ።